ውሃ የማትለምነኝ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጉራ ነበረኝ፤
«ኮምቢ አለችኝ» እላለሁ፣ «ውሃ የማትለምነኝ።»
የጊቤ ዳገት ላይ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ፣
ጄሪካን አንጠልጥሎ ከገደል ሥር ገብቶ፣
እኔ እጄን አውጥቼ አልፈዋለሁ ስቄ፤
ነፋስ ነው ማብረጃዬ፣ ነፋስ ነው ስንቄ።

የወባ ማጥፊያ ነበረች፣ ዲዲቲ ጭና ያደረች፣
ከአሰንዳቦ ኦሞ ናዳ በየረግረጉ የዞረች።
በጨረታ ወጥታ እጄ ስትገባ
መስኮቷ ካርቶን ነው፣ ጣራዋ የሚያነባ።
ድንቄ መጋረጃ ሰፋች ከቀሚሷ፤
የሚታጠፍ አልጋ ሠራሁ እኔ ለሷ።
የመድኃኒቱ ሽታ ዛሬም አለቀቃት፤
ትንኝ እስካሁን ድረስ ከሩቅ ነው የሚያውቃት።

ዘንድሮ በሰኔ፣ ከአጋሮ ስመለስ
ከኋላ ሰማሁት፣ ብረት ብረት ሲነክስ።
ወርጄ ባየው ዘይቱ ጭቃው ላይ ይስላል ካርታ፤
በአይሱዙ ተጎትታ ጅማ ገባች ማታ።

ሸረፋ፣ አጂፕ ሰፈር ጋራዥ ያለው፣
በባትሪ አጎንብሶ ሆዷን አየው።
«ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ከንግዲህ አይድንም፤
ዕቃውም በጅማ፣ በሸገርም የለም።
አንዲት ኮሮላ ግን ተገጭታ መጥታለች፤
ፊቷ ነው የጠፋው፣ በልቧ ደህና አለች።
የሷን እንግጠማት።»
«በውሃ ነው?»
«በውሃ ነው፣ ጋሼ።»
መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ፣ ኮቴን ደርቤ በሸሚዜ።
አራት ቀን ጠፋሁበት።
በአምስተኛው ቁልፉን ወስጄ ሰጠሁት።

የቶርኖ ቤቱ ልጅ ማያያዣ ሳህኑን
ሁለቴ አበላሽቶ፣ በሦስተኛው ሆነልን።
ረዳቱ ሲፈን በጀርባዋ ተኝታ
ቧንቧ ዘረጋች ከኋላ እስከ ፊት፣ ወለሉን ተጠግታ፤
አንዱ ትኩሱን ሊወስድ፣ አንዱ ሊመልስ አብርዶ።
ራዲያተር ገባ ፊቷ ላይ፣ ቆርቆሮዋ ተቀዶ።
«ጥርስ አበቀለች እንዴ!» አለ ባጃጅ ነጂው ሲያልፍ።
የድሮው ማራገቢያ ጥግ ቁጭ ብሏል፣ ከነአቧራው፣
ጡረታ እንደሚቀበል ሰው ተራው እስኪደርሰው።

ውሃ ሞላንባት። ተነሣች።
ሻይ እንኳ ሳይበርድ መርፌው ቀዩን ነካ።
«አጥፋው!» ጮኸ ሸረፋ፤ እኔማ ልቤ ተነካ።
«አየር ነው» አለኝ፣ «ቧንቧ ውስጥ የቀረ፤
አንዲት አረፋ ናት ሁሉን ያሳረረ።»

አየር!
በአየር የኖረች፣ በአየር ዳገት ወጥታ፣
በአንዲት ጉንጭ አየር ልትሞት ተንገላታ!

ወደ ጅሬን መውጫ አፍንጫዋን ሽቅብ አቁመን፣
ክዳኑን ከፍተን፣ ቱቦውን በእጅ ጨምቀን
ጠበቅን።
ቡልቅ።
ደግሞ ቆይቶ፣ ቡልቅ።
ሲፈን ጆሮዋን ደቅና ትቆጥራለች፣ «ሌላ መጣ!»
አሥራ ሰባት ቆጠረች፤ አሥራ ስምንተኛው ሳይወጣ
ውሃው ዝም አለ።
ሸረፋ ሁለቱን ቧንቧ ዳሰሰና፣ «ይሂዱ» አለ።

ማታ፣ በዝናብ፣ ነዳሁ ወደ ቤቴ።
አላቃሰተችም፤ ሞቀኝ ጉልበቴ፤
ለካ ውሃ ያለው ማሞቂያም አለው!
ሠላሳ ክረምት በብርድ ልብስ የነዳሁት ለምንድን ነው?

ግን ድንቄ፣ አዌቱ ድልድይ ላይ ስደርስ፣
ያ ጠጠጠጠ የሚለው ድምፅ ከጆሮዋ ሲደርስ፣
በእጇ የያዘችውን ባለበት ጥላ
በሩን ትከፍት ነበር፣ ነጠላዋን ከራሷ ጥላ።
ቁልፍ ይዤ አላውቅም። በስም ተጣርቼም አላውቅ።

ዛሬ በሩ ዝግ ነው።
የገዛ ውሻዬ በአጥሩ ቀዳዳ ጮኸብኝ።
መጥረጊያው ዝናቡን ግራ ቀኝ ሲገፋ ትንሽ ቆየሁ፤
ከዚያ በገዛ በሬ ላይ፣ እንደ እንግዳ፣ ክላክስ ነፋሁ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

መስኮቱን አወረድኩ።
«መንገደኛ ነኝ» አልኳት።
«ውሃ አላችሁ?»