ሰዓቱን ጻፊ

ሐምሌ፣ ደብረ ማርቆስ። ቆርቆሮው ይጮሃል፣
ሰባት ቁጥር አልጋ አያ አንሙት ተኝተዋል፤
ከማቻክል ድረስ በቃሬዛ መጥተው፣ አንጀት ዞሮባቸው፣
ትናንት ሌሊት ነበር ሐኪም የቀደዳቸው።
እኔ የነርስ ተማሪ፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣
ነጭ ጋወን ለብሼ ቅጽ የተሰጠኝ።

ቅጹ አራት ገጽ ነው፤ ሙቀት፣ ትርታ፣ ደም ግፊት፣
የሽንቱ ልክ በሚሊ፣ የቁስሉ ርጥበት፤
ከሁሉ በታች፣ ከፊርማው በላይ፣ አንዲት ጠባብ ሽንቁር፦ «መንፈሳዊ ፍላጎት»።
ምን ይጻፋል እዚያ? ክፍል ውስጥ ስንማር
አንድ ሰዓት ነው የወሰደው፤ መብራት ጠፍቶ ነበር።
«ሃይማኖት፦ ኦርቶዶክስ። ፍላጎት፦ የለም» ብዬ ሞላሁ፣
እጄን ታጠብሁና ወደ ስምንት አለፍሁ።

ሌሊቱን ሙሉ ግን እጃቸው አንገታቸው ላይ ነው፤
ይዳብሱታል፣ ይተዉታል፣ ደግሞ ይመለሳሉ፣ ቤቱ እንደ ጠፋው ሰው።
«አንገት ያምዎታል?» ዝም።
ጻፍሁ፦ «የአንገት ሕመም።»
ሐኪም አስፈቅጄ መርፌ ወጋሁ፣ ትራስ አስተካከልሁ፣
እጃቸው ተመለሰ፤ እኔም ተናደድሁ።

ጧት ሲስተር ይታይሽ፦ «‹የለም› ያልሽው ጠይቀሻል?»
አልጠየቅሁም። «ብትጠይቂስ፣ የገበሬ አፍ ለነርስ መች ቶሎ ይከፈታል?
እጃቸውን እይ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም፣
ጉልበቷን ያማታል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ዋርድ የቆመ ሰው ቆሞ ወሬ አይወድም።

አየሁት ያን ጊዜ፤ በአንገታቸው ዙሪያ፣ የክር ያህል ቀጭን፣
ነጣ ያለ መስመር፤ ስልሳ ዓመት ማተብ ከፀሐይ የከለለውን።

በችኮላው ሌሊት በመቀስ ተቆርጦ
የት ሄደ? ከጥጥ ጋር፣ ከጓንት ጋር ሰምጦ
ቢጫው ባልዲ ውስጥ። አልተቃጠለም ገና፤
ዝናቡ ማቃጠያውን አርሶት ነበርና።
ጓንት ደርቤ አወጣሁት፤ በረኪና ዘፈዘፍሁት እንደ ደንቡ፤
ጥቁሩ ክር ቡናማ ሆነ፤ ለቀቀው ደሙም ቀለሙም ከነግሳንግሱ።

አባቴ አምና እዚሁ ሲተኛ፣ ሙስበሃውን መሳቢያ ውስጥ ከትተውበት
ጣቱ ባዶ አየር ይቆጥር ነበር ሌሊት ሌሊት።
እኔ ሐያት ነኝ፤ የደጀኑ ይማም ልጅ፣ ሻሽ ያሰርሁ፣
ክሩን በጎዝ ጠቅልዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቆምሁ።
«ልጅዎን ልጥራ? ወይስ ቄሱን? እኔ እኮ...» ስል አቋረጡኝ፦
«ማነው ስምሽ?» «ሐያት።» «ምን ማለት ነው?» «ሕይወት» ስል ሳቁብኝ፣
ስፌታቸውን በመዳፍ ደግፈው፦
«እኔን ደግሞ አንሙት አሉኝ፣ ሰባት ልጅ ቀብረው።
እሰሪው በይ አንቺው፤ ከሞት ጋር ስባላ
የቆረጡትን ክር፤ ቋጠሮው እንዳይላላ።»

አሰርሁት። እጃቸው ወረደ፤ አንሶላው ላይ አረፈ፣
እስከ ቀትር ተኙ፤ ዝናቡም አለፈ።

ቅጼን አወጣሁ። «የለም» የሚለውን ሰረዝሁ።
ምን ልጻፍ? «ተጽናኑ»? «በረቱ»? እኔ ምን አውቄ? አልሁ፤
የሆነውን ብቻ፦ «ማተባቸው ተገኘ፤ ታሰረ።»
ሲስተር ይታይሽ አነበበች፤ ቀይ እስክሪብቶዋ ለአፍታ አየር ላይ ቀረ።
ምስጋና ጠበቅሁ፣ ወይ ቁጣ። መነጽሯን ገፋ አድርጋ፣
«ሰዓቱን ጻፊ» አለችኝ፤ ሄደች፣ ወደ ስምንተኛው አልጋ።