የጣርማ በር ሚዛን

ሐሙስ ነው፤ ደብረ ሲና ሸለቆው ጉም ሞልቶ
ወደ ክፍል ገባ የመስኮት ስንጥቅ አግኝቶ።
«ስበት» ብዬ ጻፍኩኝ በረጠበ ጠመኔ፤
ጠመኔው አመለጠኝ፣ ወደቀ ከጎኔ።
ሣቁ። «ይኸው፣» አልኳቸው፣ «ትምህርቱ ጀመረ፤
መምህሩ ሳይናገር ወለሉ መሰከረ።

ቁስ ቁስን ይስባል፦ አስካለ እርሳሷን፣
እርሳሱም በዐቅሙ አስካለን ራሷን።
ግን ሁለቱም ትንሽ፣ ስበታቸው ቀላል፤
ግዙፏ መሬት ስትመጣ የነሱ ይዋጣል።
መጠነ ቁስ ሲያድግ ስበት ይበረታል፣
ርቀት ሲጨመር ግን ቶሎ ይላላል፤
እጥፍ ብትርቁ ሩቡ ነው የሚተርፍ፤
ሦስት እጥፍስ? ለዘጠኝ ነው የሚከፈል፤ ጻፍ፣ ወንድይፍራው፣ ጻፍ!
ስትለኩ ግን ከእግር ሥር አይደለም ነገሩ፣
ከመሬት እምብርት ነው፤ ከዚያ ጀምሩ።»

ወንድይፍራው አልጻፈም። አባቱ ነጋዴ፣
ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ያመጣል በሳምንት አንዴ።
«ቲቸር፣ ሮቢት ታች ነው፣ ጣርማ በር ሰማይ ላይ፤
ከእምብርቷ ስንርቅ፣ ኩንታሉ ይቀላል ወይ?»

አሥራ ሰባት ዓመት ሳስተምር
ይህን የጠየቀኝ የለም።
ጠመኔውን አነሣሁ፣ አሰላሁ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ አሰላሁ፦
ከመቶ ኪሎ ላይ ሃምሳ ግራም ያህል፤
የአንዲት ሽንኩርት ራስ፣ ያውም የትንሿ።

ቅዳሜ ባይሱዙ፣ ከነአስካለ ተጭነን፣
ባለ ሞላ ሚዛን በጨርቅ ጠቅልለን፣
ሮቢት ላይ መዘንን፣ በላብ ተጠምቀን፤
ከዋሻው አፍ ላይም፣ በብርድ ተኮራምተን።
መርፌው ለነፋስ እንጂ ለኛ አልታዘዘም፤
ሃምሳ ግራም የሚያይ ዓይን አልተሠራለትም።

አቶ ጥላዬ ሣቁ። «በመንገድ የሚቀለው
ፀሐይ የጠጣችው፣ ኬላ የቀማው ነው።»
የራሳቸውን ሚዛን፣ ባለ ሁለት ሳህኑን፣
አወጡ፤ ባንዱ ብረት፣ ባንዱ ሽንኩርቱን።
ሮቢት ላይ ትክክል ነበር። እዚህም ትክክል።
«ታዲያ ያ ስበትህ፣ መምህር፣ የታል?»

አስካለ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፦
«ብረቱም አብሮ ወጥቷል በዚሁ ጎዳና፤
እኩል ነው የቀለሉት፤ ሚዛን ምን ይበል?
ቁሱ አልጎደለም፣
የሳበው እጅ ነው ትንሽ የላላው።»

ከገደሉ ጫፍ ቁልቁል፣ ጉሙ ውስጥ፣
ወንድይፍራው የበሰበሰች ሽንኩርት ለቀቀ።
ቆጠርን። አራት፣ አምስት፣ ስድስት።
ድምፅ አልመጣም።
አባቱ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብለው፦
«የሃምሳ ግራሟን ነገር፣» አሉኝ፣
«ለደንበኞቼ እንዳትነግርብኝ፣ አደራ!»