ብሎኖቹ

ደብዳቤው ማክሰኞ ገባ፤ እኔ የሰማሁት ረቡዕ፣
ከፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ፣ ፊቴ በአረፋ ተሸፍኖ።
ዘጠኝ ዓመት ድል ተሰርዟል፣
አራት ዓመት ከዋንጫ ውጪ፣
ገንዘቡም በሚሊዮን ነው፤ ስንት እንዳሉ ረሳሁት፣
ከደመወዜ በላይ መቁጠር አለመድኩም።
ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
«ድላችንን ወሰዱት» አለ ሰውየው፣ ድምፁ ተሰብሮ።

ሐሙስ ጠዋት አለቃዬ መፍቻ ሰጠኝ።
«ኦርቪል፣ የግድግዳውን ሰሌዳዎች አውርድ።»
ጫማውን እያየ ነው ያዘዘኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ሜዳ መስመር ቀባሁ።
ከበቆሎው ማሳ ንፋስ ሲመጣ
ኖራው እንዳይበተን በጉልበቴ ከልዬ፣
በሣር ላይ ክር የመሰለ ነጭ አወርዳለሁ።
ዳኛው «ወጣ» «ገባ» የሚለው በእኔ እጅ ነው።
እንዲህ ያለ ሰው
መስመር ሲታለፍ አላየሁም ቢል ማን ያምነዋል?

አይቻለሁ።
የኅዳር ዓርብ ማታ፣ ሜዳው አመዳይ ለብሶ፣
ቱቦው እንዳይፈነዳ ውሃ ልዘጋ ወረድኩ።
የመታጠቢያው መብራት በርቷል።
አሠልጣኝ ሃስኬል ፎጣ ይዞ ቆሟል፤
ከጀርባው ልጅ፣ አሥር ቢሞላው ነው፣
ከቅዳሜው የሕፃናት ሥልጠና የማውቀው።
አንድ እግሩ ካልሲ አለው። አንዱ የለውም።
ከሁሉም ያ ካልሲ ነው እንቅልፌን የነሳኝ።
ልጁ አየኝ። አልጮኸም።
ውሃ የያዘ ሰው እንደሚታይ ነው ያየኝ።

ሰኞ ተናገርኩ። ይህም ይጻፍልኝ፤ ተናግሬያለሁ።
ደረጃውን ወጥቼ፣ ቆቤን በእጄ ጨብጬ፣
ለዳይሬክተሩ፣ ለሚስተር ቫንደርሊን።
ሰማኝ። ብዕሩን ከደነ።
«ደግ አደረግህ ኦርቪል። ካሁን ወዲያ ግን ሆድ ይፍጀው።»
በወሩ አዲስ የመቀቢያ ማሽን መጣልኝ፤
ቀይ፣ ባለ ሞተር፣ መቀመጫው ቆዳ።
ተቀመጥኩበት።
አሥራ አራት ዓመት ተቀመጥኩበት።

   ሆድ ይፍጀው ያሉት ነገር ሆዴን ፈጀው፣
   ክዳኑን ግን ጠይቅ፦ ማን ነበር ያበጀው?
   አንድ በር ሲዘጋ፣ ዓመት ሲያልፍበት፣
   ሌላ ልጅ ይመጣል ካልሲ የጎደለበት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ።
ነቀዘ እንጂ።
ከላይ ፍሬው ያበራል፣ ሰባ ሺህ ሰው ያጨበጭባል፣
ከሥር ዱቄት ሆኗል።

ሃስኬል እስር ቤት ነው። ቫንደርሊን ሐይቅ ዳር፣
ጡረታው አልተነካም፣ ጀልባ ገዝቷል አሉ።
ደረጃው ላይ ግን ዴማሪየስ ተቀምጧል፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ትከሻው በር የሚያህል፤
ያን ማታ አምስት ዓመቱ ነበር፣ በሌላ ከተማ።
«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።
ባለዕዳው ሲሰወር ዋሱ ይያዛል ልለው ነበር፤
እሱ ግን ዋስም አልነበረም።
ቅጣቱ ልክ አይደለም ልበለው? ከተማው ሌላ ምን ይሰማል?
ስለ ልጆቹ አንድ ቀን እንኳ ምላጭ ቆሞ አያውቅም።

ዘጠኝ የነሐስ ሰሌዳ፣ በየሰሌዳው አራት ብሎን።
ሦስቱ ዝገው እምቢ አሉኝ፤ በመዶሻ ነቀልኳቸው።
በደብዳቤው ውስጥ ልጆቹም ቁጥር ናቸው፦
ምስክር አንድ፣ ምስክር ሁለት።
የእኔው ሦስተኛው ይመስለኛል።
ስሙን በጊዜው መጠየቅ ነበረብኝ።

ሰሌዳው ሲወርድ ግድግዳው ላይ ጥላው ቀረ፤
ዙሪያው በፀሐይ ነጥቷል፣ ሥሩ እንደ ድሮው ሰማያዊ፣
ከመንገድ ማዶ ቆመህ ታነበዋለህ።
አለቃዬ አየው። «ቀለም አምጣና ቀባው» አለ።

እኔ መቼም ቀቢ ነኝ።
ይህን ግን አልቀባም አልኩት።

መፍቻውን መለስኩለት። የማሽኑንም ቁልፍ።
ሠላሳ ስድስቱ ብሎን ኪሴ ውስጥ ነው፤
ስራመድ ይንኳኳል።