ከነጥይቷ

ጋሽ አረቡ ዝም አለ፤ መነጽሩን ጠረገ፤
አምፖሉን ሳብ አርጎ ሽጉጧ ላይ ጠጋ አደረገ።
ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ፣
የጦሳ ጉም በስንጥቁ ገብቶ ብረት ሲያላምጥ።
«ከየት አገኘሻት?» ብሎ አልጠየቀኝም፤
ብዙ የሚጠይቅ ጠጋኝ ደንበኛ አይበረክትለትም።
እኔም ሁለት ነገር እንጂ ሌላ ጉዳይ የለኝ፤
«ስሟን፣ የምትጎርሰውን፣ ያንን ብቻ ንገረኝ።»

ጣቱ ነው የሚያነብ። ዓይኑ ይከተላል።
«አፈሙዟ ስምንት ጎን ነው፤ ይኸው ይቆጠራል።
ምላጯን እያት፣ እንደ ሰንጢ ታጥፋ ትገባለች፤
ጣት የሚከልል ቀለበት የላትም፤ እርቃኗን ነች።
በቀኝ ጎኗ ትንሽ በር፤ በዚያ ነው የምትጎርሰው፣
አንድ ባንድ፣ እንደ በሽተኛ፣ ታግሶ ሲያጎርሳት ሰው።»
በናፍጣና በጥርስ ብሩሽ ጎኗን ሲያሸው፣
«ብሬሺያ» የሚል ከዝገቱ ሥር ብቅ አለ፣ ይኸው።
«ጣልያን ናት። ስድስት ጎራሽ። የሌላ እህል አትቀምስም፤
ምግቧ አሥር ነጥብ ሠላሳ አምስት፤ ደሴ ውስጥ አሁን የለም።»

እኔ ግን ከኪሴ ሦስት ጥይት አወጣሁ፣
ከሷ ጋር ባንድ ሲባጎ ታስረው ያገኘኋቸውን ሰጠሁ።
ሲባጎው ላይ ቁራጭ ካርቶን፣ ገርጥቶ የሚታይ ጽሕፈቷ፦
«ኤግዚቢት ቁጥር አርባ አንድ። ሽጉጥ፣ ከነጥይቷ።»

አንዱን አነሣ። በበሯ አስጠጋው።
ገፋው። አልገባም። አዞረው። እንደገና ገፋው።
ሦስቱንም። ስድስቱም ጉድጓድ አንዱን አልዋጠው።

የኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ሠራተኛ ነኝና፣
ካሊፐር ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ለካሁ፣ ደገምኩ እንደገና፦
ቀለሃው ከጉድጓዱ ይሰፋል። በስንት? ከአንድ ሚሊ ባነሰ።
በዚህች ታህል ስሕተት ስንቴ ደመወዜ ተቀነሰ!
«የእንግሊዝ ነው» አለ ቂጡን አገላብጦ፤ «አራት አምሳ አምስት ይላል፤
የሌላ ቤት ቀለብ ነው፤ ለዚች ምን ይሆናል?»

አሥራ አንድ ዓመት።
አጎቴ ይመር ደሴ ወህኒ አሥራ አንድ ክረምት ቆጥሯል፤
«በዚህ ሽጉጥ፣ በዚህ ጥይት» ተብሎ ተፈርዶበታል።
ዐቃቤ ሕጉ ባንድ ክር አንጠልጥሎ አሳያቸው፤
ችሎት ሙሉ ሰው አየ፤ ማንም አጉርሶ አልሞከራቸው።

በሰማንያ ሦስቱ ግርግር መጋዘኑ ሲከፈት፣
የይመር ስም ካርቶኑ ላይ ያነበበ ጎረቤት
በሠላሳ ብር ሸጠልን። እናቴ ሳጥን ወለል ደበቀችው፤
ስትሞት ነው ያገኘሁት። ለይመርም አልነገረችው።

ሆጤ ወረድኩ። ይመር ደጃፉ ላይ ሽንኩርት ይመርጣል።
ጮክ ብዬ ነገርኩት፤ ግራ ጆሮው ብቻ ይሰማል።
«አልገባም፣ አጎቴ! ጥይቱ የሷ አይደለም!»
ቀና አላለም።
«አውቃለሁ» አለ። «ያኔም ‹አጉርሷትና እዩ› ብዬ ነበር፤
ሳቁ። ወታደሩም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ይነገር።»
የበሰበሰውን ወረወረ።
«ለመሆኑ ኪሎው ዛሬ ስንት ገባ?»

የዚያ ጥይት ባለቤት፣ ያ እንግሊዝ አፍ የት እንዳለ፣
አልጠየቅሁትም። እሱም አላለ።

በማግስቱ ጣቢያ ሄድኩ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ቤቴ አላሳድርም።
መዝጋቢው ልጅ እግር ነው፤ እስክሪብቶው ቶሎ አይጽፍም።
«ዓይነት?»
ጣልያን፣ ስድስት ጎራሽ።
«ጥይት?»
የላትም።
«እነዚህ ሦስቱስ?»
የሌላ ናቸው። የሷ አይደሉም።
ጻፈ። ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ደህና አርጎ ጽፏል።
ማኅተሙን እፍ ብሎ መታ፤ ሰማያዊው ደምቋል።
ከዚያ ከመሳቢያው ሲባጎ ስቦ፣ ሁሉንም ባንድ አሰረ፤
«እንዳይጠፋፉ ነው» አለኝ፤ ቋጠሮውን በጥርሱ አከረረ።