መዝገቡ ተዘግቷል

በዊኒፔግ ጥር ወር፣ ሳይነጋ ሌሊት፣
ፌርማታው ላይ ቆሜያለሁ፣ ከምሰሶው ሥር፣ መብራት የሌለበት፤
ዐይኑ ከጠፋ ቆየ፣ ከኅዳር በፊት።
ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ፣ በደነዘዘ ጣት፣
ስልኬ ላይ ጻፍሁለት፦ «የከተማው ሹም፣ አቤት!»

ደጅ ጥናት ኪስ ገባ። አጋፋሪ የለ፣ እጅ መንሻ የለ፤
ፎቶዬን ላክሁና ቁጥር ተከተለ።
አርባ አራት ሰባ አንድ፤ አዲሱ ክርስትና ስሜ።
ሦስት ቀን ጠበቅሁ፣ በጨለማው ቆሜ።

በአራተኛው መልስ መጣ፣ በትሕትና ተሞልቷል፦
«ውድ ነዋሪ፣ ችግርዎ ተፈቷል። መዝገቡ ተዘግቷል።»
ከሥሩም ፎቶ አለ፦ አምፖሉ የበራ፣ ምሰሶው የቆመ፣
በጥር ወር፣ እግሩ ሥር፣ ሣሩ የለመለመ።

ሣቅሁ። ሣቄም በብርዱ ጭስ ሆኖ ተነነ።
ንጉሥ አይከሰስ ይሉ ነበር፤
ዛሬ ንጉሡ ራሱ ፎቶ አንሺ ሆነ።

ለሮዳ ላክሁላት፣ የሆስፒታሉን ወለል አብራኝ ለምትወለውል፤
እሷ ለኦሌና። የኦሌና ልጅ ጎን ለጎን ሰፋቸው፣
የነሱን ሣር፣ የኛን ጨለማ፤ ለሰፈሩ ለጠፋቸው።
እስከ ዓርብ ስልሳ ሦስት ሰው «እኔም» አለ።

ማክሰኞ ሸንጎው ተሰየመ፣ በየሳሎናችን፤
ሁለት ሁለት ደቂቃ ተሰፍሮ ለያንዳንዳችን።
ተራዬ ሲደርስ «ተጠየቅ!» አልሁ፣ አመለጠኝ በአማርኛ፣
እንደ ጥንቱ ተሟጋች፣ ፊቴ የተሰየመ ይመስል ዳኛ።
ሃያ ሰከንድ ሞገትሁ፤
ከዚያ የሮዳ መልእክት፦ «ድምፅሽ ዝግ ነው፣ ክፈቺው።»
ከፈትሁት። የቀረውን በቀስታ አስረዳሁ።
አንዲት ተመራጭ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ሣሩን ስታየው አየሁ።

ሐሙስ ምሰሶው በራ።

በራና ማዶውን አሳየኝ፣ ከኛ ቀድሞ የጨለመውን፣
የሚስተር ኦርቪልን ደጅ፣ የወደቁበትን በረዶ፣ ዳሌያቸውን የሰበረውን።
ስልክ አላቸው፤ ባለ ገመድ፣ ፎቶ የማያነሣ።
በከተማው ካርታ ላይ ያ ጥግ ንጹሕ ነው፤
አንድ ቀይ ነጥብ የለ፣ አንድም ወቀሳ።

መጠየቅ በኛ ቋንቋ ሁለት ነው፦ ሹምን መጠየቅ፣ የወደቀን መጠየቅ።
ቅዳሜ ብርቱካን ይዤ ሄድሁ፤
ስልኬንም፣ ቃላቸው መሬት እንዳይወድቅ።
«የወደቁት» አልኋቸው፣ «ስንት ሰዓት ነበር?»
መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ።
«መብራት ቢኖር ኖሮ» አሉኝ፣ «ሰዓቴን አይ ነበር።»