ሦስተኛው ሰሌዳ

ማለዳ መዶሻ ሰማ ጋሽ ወልደሰንበት።
«ብርነሽ፥ በሩ ላይ ደግሞ ምን ሰቀሉበት?»
ዐይኑን ሞራ ጋርዶት ሰባት ክረምት ከርሞ፣
ጆሮው ግን ያውቃታል ምስማሯን አስቀድሞ።
የፒያሳን ወርቅ ቤት፥ የጥርስ ሐኪሙን ደጅ፣
ቀይ በነጭ፥ ቢጫ በጥቁር የጻፈ ነው ያ እጅ፤
አሁን ብርድ ልብስ ላይ ያለ ሥራ ተኝቶ
«ሀ»ን ይነድፋል በጣቱ፥ ሌሊት ሌሊት ነቅቶ።

«ቀለሙ ምንድን ነው? ፊደሉስ?» አለኝ።
እኔም እንዳየሁት፥ መዋሸት ሳያምረኝ፣
«ሰማያዊ ነው» አልኩት፥ «ማታ የሚበራ፤
‹እንክብካቤ› ይላል፥ ከ‹አክሲዮን ማኅበር› ጋራ።»
«የጎደለ ፊደል አለ?»
«የለም፥ ጋሼ።»
«እንግዲህ ይጎድላል» አለ።

እኔ ስቀጠር እዚህ፥ ሠራተኛ ሰፈር፣
ሰሌዳው ቆርቆሮ፥ የቀበሌ ነበር፤
እሱው ነው የጻፈው፥ ዐይኑ ሳለ፥ በርካሽ።
ሳሙና በደብዳቤ፥ ደብዳቤው በማኅተም፣
ማኅተም ያዡ ስብሰባ፥ ሳሙናው አይመጣም።
አንሶላ በወር አንዴ። ሌሊት ግን አራት ነን፤
አራት ደሞዝተኛ፥ ብንቦዝንም ቦዝነን፣
አንዷ ብታንቀላፋ ሌላዋ ትነቃለች፣
በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች።
ተረከዙ ደኅና ነበር፤ ይሄን ያዙልኝ።
ሽታ ነበር፥ አልክድም፤ ቁስል አላሳፈረኝ።

ኋላ በጎ አድራጎት ማኅበር ተረከበን፣
ሁለት እጅ፥ አንድ ልብ በሩ ላይ ተሣለልን።
በፋሲካ ዶሮ፥ በገና ጋቢና ካሜራ፤
እትዬ ደብሪቱ አንዱኑ ጋቢ ሦስቴ ተቀበለች በተራ፣
ፎቶው ደብዝዞ ነበርና።
ሐምሌ ላይ ግን ማንም የለም፥ ዝናብ ብቻ ጎበኘን።
ሌሊት ሁለት ሆንን።
ሦስተኛዋ ኃላፊያችን፥ ወይዘሮ ትበርህ፣
ከኛው ጋር ታድራለች፥ በካልሲ፥ በፋኖስ።
አንድ ቀን ጣቷ ላይ ቀለበት አልነበረም፤
በማግስቱ ዳይፐር ገባ። ማንም አልጠየቀም።

አሁን ወለሉ እብነ በረድ፥ ፊት ያሳያል፤
አበባው ፕላስቲክ ነው፥ ሳይደርቅ ያምራል።
ሳሙናው ሎሚ ሎሚ ይላል፥ አንሶላው በየቀኑ።
ይሄም እውነት ነው። ምግቡም ጥሩ ነው። ይመዝገብ።
ልጆች ከቦሌ መጥተው ሳሎኑን ያያሉ፣
«እማዬ እዚህ ብትሆን» ብለው ይፈርማሉ።
ሌሊቱንስ ማን ያስጎበኛል?
አራት የነበርነው ሁለት፥ ሁለቱ አንድ ሆኗል።
ለሃያ ስድስት አልጋ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤
ከጫፍ ጀምሬ ሳልጨርስ፥ ጎሕ ሲቀድ አያለሁ።
ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፥ ክፉ አይደለም፥ ትሑት ነው፣
ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየኝ፥ «ትርፋችን እዚህ ጋ ነው»፤
ጣቱ ያረፈበት መስመር፥ ጠጋ ብዬ ሳየው፥ የኔ ሌሊት ነው።

ትናንት አንዲት ሴት መጣች፥ እናቷን ልታስገባ።
«የማን ነው ቤቱ? የመንግሥት? የቤተ ክርስቲያን? የግል?»
ሦስት ጌታ ለቀየረች ሴት ጥያቄው አይከብድም፣
ግን መልሱ አፌ ላይ ቀረ።
«እሱን ተዪውና፥ እመቤቴ፥ ሌሊት ተመልሰሽ ነይ፤
አሥር ሰዓት ላይ ደወሉን ንኪና ስንት እግር እንደሚሮጥ እይ።»
ሣቀች። ቀልድ መሰላት። እብነ በረዱን ረግጣ አልፋ
ስሟን ጻፈች፥ በሚያምር ጽሕፈት፥ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

ሰሌዳው በተሰቀለ በዘጠነኛው ሳምንት ተረከዙ ቀላ፤
በአሥረኛው ቆዳው ተላጦ ታየ የውስጡ ገላ፣
ሎሚ በሚሸት አንሶላ ላይ።
መናገር ነበረብኝ፥ ነገርኩት።
ዝም አለ፥ ረጅም ዝምታ፥ እንደ ልማዱ ግን
«ቀለሙ?» ሲል ጠየቀኝ።
«ቀይ፥ ጋሼ። ቀይ በነጭ።»
«ቀይ በነጭ ጥሩ ነው» አለ፤ «ከሩቅ ይነበባል።»

ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ሃያ አምስት አልጋ ይቀረኛል።