በቃለ ጉባኤው ያልሰፈረ

ጉዳዩ ዲሲፕሊን፣ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ፣
ደብረ ማርቆስ ነው፤ ዝናብ አዝሏል ሰማይ።
ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ የተባለውን ሁሉ
በሰማያዊ ቀለም ጻፍሁት ቃል በቃሉ።

አመልካች አንጓች ናት፣ ከቢቸና ወዲያ፣
ጊደሯን የሸጠች ለጠበቃ መክፈያ።
«ይግባኙ ገብቷል» አላት፣ አንዲት መስመር ሳይጽፍ፤
ስልሳው ቀን ተቆጥሮ በሩ ሲዘጋ፣ ሲያልፍ፣
«ቀጠሮ ለግንቦት»፣ «ዳኛው ታመውብን»፣
«ለመስከረም ማግስት»፣ «መዝገብ ጠፍቶብን»፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸት ቀጠረላት፤
እሷም አልቀረችም፣ እግሯ አልሰነፈባት።

«ማስረጃሽስ የት ነው?» ሲላት ሰብሳቢው፣
የነጠላዋን ጫፍ ገልጣ ዘረጋችው፤
በየቀጠሮው ልክ ቋጠሮ፣ ቋጠሮ፣
ዐሥራ ሰባት ሆነ በጣቴ ተቆጥሮ።

ጠበቃው «ዘነጋሁት» ብሎ ቃሉን አሸሸ፤
ስሙን ይርሳው ያለ መልአክ አልዋሸ።
የዘነጋ ሰው ግን ዳኛ ያሳምማል?
ያልተከፈተ መዝገብ «ጠፋ» ብሎ ይምላል?

«ጠበቃ ያዝሁ ብዬ እኔው ጠባቂ ሆንሁ፤
ከሱ ደጅ ስጠብቅ ከማሳዬ ወጣሁ»
አለች።
 ሰብሳቢው አቀርቅሮ መነጽሩን ጠረገ፤
የተከሳሽ ጓድ ነው፤ ግን አላፈገፈገ።
«ፈቃዱ ይታገድ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፤
የጊደሯን ዋጋ ይመልስ» አሉ።
ስለ መሬቷ ግን እኛ ሥልጣን የለን፤
ስልሳው ቀን አይመለስ፤ ዝም አልን ሁላችን።

ሁሉም ወጣ፤ እሷ ግን ቀረች በር ላይ ቆማ፣
ልማድ ሆኖባት ነው፣ ድምጿ እንኳ ሳይሰማ፣
ከነጠላዋ ጫፍ ባዶ ቦታ አግኝታ፣
«ልጄ፣ ቀጠሮው መቼ ነው?» አለችኝ ተጠግታ።

ይኼን አልጻፍሁትም።